ግራሶ ተቀብታ የሰመጠችው መርከብ

ሐምሌ 19 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ በአገራችን የቅዱስ ገብርኤል በዓል ተከብሮ በዋለበት ዕለት፣ በታንጋኒካ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሦስት ጀርመናውያን የመርከብ ባለሙያዎች በገዛ እጃቸው የገጣጠሟትን መርከብ በገዛ እጃቸው አሰመጡ። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ጁላይ 26 ቀን 1916 ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። መርከቢቱ «ግራፍ ፎን ጎትሰን» ትባል ነበር፤ ሰዎቹም አንቶን ሩተር፣ ሩዶልፍ ቴልማንና ሄርማን ቬንት ይባላሉ።

ውድ አንባቢ፣ በጦርነት ጊዜ ንብረትን ለጠላት ላለመተው ማጥፋት አዲስ ነገር አይደለም። እኔን ስለዚህች መርከብ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከመስመጧ በፊት የተደረገላት ነገር ነው። ሦስቱ ሰዎች መርከቢቱን ወደ ጥልቁ ከመልቀቃቸው አስቀድመው ወደ ሞተሩ ክፍል ወርደው የሞተሩን አካላት ሁሉ በወፍራም ግራሶ ቀቧቸው።

እኔ ኑሮዬን የምገፋው በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ውስጥ ነው። በእኛ መዝገብ የሰመጠ ንብረት ዋጋው ዜሮ ነው፤ በቀይ ቀለም ይሰረዛል፣ ዓምዱ ይዘጋል፣ ሌላ ገጽ ይገለጣል። ታዲያ ለዜሮ ማን ግራሶ ያባክናል? ያውም በባሕር ኃይል ተከቦ ከአገሩ ስንቅና መሣሪያ ማግኘት በተሳነው ጦር ውስጥ ያለ ሰው! ይህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት ሲከነክነኝ ኖሯል።

የመርከቢቱ ትውልድ ከሐይቁ እጅግ የራቀ ነው። በ1913 በሰሜን ጀርመን በፓፐንቡርግ ከተማ በሚገኘው የማየር የመርከብ ፋብሪካ ተሠራች። ርዝመቷ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። ታንጋኒካ በየብስ የተከበበ ሐይቅ እንደመሆኑ ከባሕር ቀጥታ የምትገባበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መርከቢቱ ተሠርታ ካለቀች በኋላ ብሎን በብሎን ተፈታች፤ በ5,000 ሣጥኖች ታሸገች፤ ከሃምቡርግ እስከ ዳሬሰላም በባሕር፣ ከዳሬሰላም ደግሞ በአዲሱ የባቡር ሐዲድ አገር አቋርጣ እስከ ኪጎማ ተጓዘች። ሦስቱ ባለሙያዎችም ከሣጥኖቹ ጋር አብረው መጡ። በኪጎማ ዳርቻ እንደገና ገጣጥመዋት ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1915 ውኃ ላይ ስትወርድ የዓለም ጦርነት ከፈነዳ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ለንግድና ለመንገደኛ የታሰበችው መርከብ መድፍ ተጠመደባት።

ስለ ስሟም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ጎትሰን ከ1901 እስከ 1906 የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ አገረ ገዢ የነበረ መኮንን ነው። በ1905 የማጂ ማጂ ዐመፅ ሲነሣ የእርሱ ጦር መንደርና አዝመራ እያቃጠለ ሕዝቡን በረሃብ አንበረከከ። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሰው በአሥር ሺዎች ተቆጥሮ የሚያበቃ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሰው ስም የተጠራች መርከብ በዚያው ሕዝብ ሐይቅ ላይ ስትንሳፈፍ የዳርቻው ዓሣ አጥማጅ ምን ብሎ አይቷት ይሆን?

የሐይቁ ጦርነት ታሪክ ከልብ ወለድ የሚበልጥ ነው፤ ልብ ወለድም ወጥቶለታል። እንግሊዞች በ1915 «ሚሚ» እና «ቱቱ» የተባሉ ሁለት የሞተር ጀልባዎችን ከለንደን እስከ ኬፕታውን በመርከብ፣ ከዚያ በባቡር እስከ ካታንጋ፣ ባቡር በሌለበት ደግሞ የሚቱምባን ተራሮች በእንፋሎት መጎተቻዎች፣ በበሬዎችና በመቶዎች በሚቆጠሩ አፍሪካውያን ክንድ አሻግረው ታንጋኒካ አደረሷቸው። ጀልባዎቹ እያንዳንዳቸው 12 ሜትር ያህል ነበሩ። አዛዣቸው ጄፍሪ ስፓይሰር ሲምሰን ቀሚስ መሰል ጉርድ ለብሶ የሚንጎራደድ ሰው ነበር። መጀመሪያ «ድመት» እና «ውሻ» ሊላቸው ቢያስብ የበላይ ሹማምንት ስላልፈቀዱለት፣ የፈረንሣይ ልጆች ድመትንና ውሻን በሚጠሩበት ስም አወጣላቸው ይባላል። ያም ሆነ ይህ፣ ጀልባዎቹ በዲሴምበር 26 ቀን 1915 «ኪንጋኒ» የተባለችውን ትንሽ የጀርመን መርከብ ማረኩ፤ በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1916 ደግሞ «ሄድቪግ ፎን ቪስማን» የተባለችው ሰመጠች። ጎትሰንን ግን አልደፈሯትም። ስፓይሰር ሲምሰን በዓይኑ ቢያያትም ሊገጥማት አልወጣም።

በ1935 የታተመው የሲ. ኤስ. ፎረስተር «የአፍሪካ ንግሥት» ልብ ወለድና በ1951 የተሠራው ፊልም ከዚህ ታሪክ የተቀዱ ናቸው። በፊልሙ ላይ ትልቋን የጀርመን መርከብ ትንሿ ጀልባ ታሰምጣታለች። እውነቱ ግን መርከቢቱን ያሰመጣት ጠላት አለመሆኑ ነው። በ1916 አጋማሽ የቤልጂግ ጦር በየብስ ወደ ኪጎማ ሲቃረብ ጀርመኖቹ መርከቢቱ በጠላት እጅ እንዳትገባ እንድትሰምጥ ወሰኑ። ሦስቱ ሰዎች ከማላጋራሲ ወንዝ መግቢያ አጠገብ አሸዋ ሞልተው፣ ሃያ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ስፍራ ቀስ አድርገው አስቀመጧት። በፈንጂ ቢሆን ኖሮ ሥራው በአንድ አፍታ ባለቀ ነበር። እነርሱ ግን ነገ ተመልሶ የሚነሣ ዕቃ ቆጥ ላይ እንደሚያኖር ሰው አኖሯት።

የግራሶው ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው የገባኝ ስለ መርከቢቱ ካነበብኩ ከዓመታት በኋላ፣ ባሕር ዳር በሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ለብድር መያዣነት የቀረበች አንዲት አሮጌ የሞተር ጀልባ እንዳይ ወደ ጣና ዳርቻ ተላክሁ። ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ ሦስት ክረምት ተጥላ ከርማለች፤ ሞተሯም ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ከጎኗ ደግሞ አንድ አዛውንት መካኒክ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በዘይት ነክረው ተቀምጠዋል። ጠጋ ብዬ፣

«ጋሼ፣ ለምን በመዶሻ መታ መታ አያደርጉትም?» ብላቸው፣ ቀና ብለው አዩኝና፣

«ብመታው ፒስተኑ ይሰነጠቃል፣ ልጄ። ዘይቱ ራሱ መንገዱን ይፈልግ» አሉኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ በትዕግሥት ነበር። ሞተር ሥራ ሲፈታ ጠላቱ ርጥበትና አየር በአንድነት ናቸው። ፒስተኑ ላይ ያሉት ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ያላቸው ክፍተት ከፀጉር ይቀጥናል። በዚያች ክፍተት ዝገት ሲበቅል፣ ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ይልቅ ቦታ የሚፈጅ ስለሆነ፣ ሁለቱን አካላት እንደ ሽብልቅ ወጥሮ ይይዛቸዋል። እርሳቸው ናፍጣና ዘይት ደባልቀው በየሲሊንደሩ ያፈስሳሉ፤ ያሳድራሉ፤ በነጋታው ከባዱን የማዞሪያ ጎማ በረጅም ብረት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይፈትኑታል። እንዲህ ሲያደርጉ አሥራ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር። ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ስሄድ ጎማው የጣት ስፋት ያህል ተነቃንቋል። የእርሳቸው ፊት ግን አልፈካም። ሲከፍቱት አንደኛው ሲሊንደር በዝገት ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ስላገኙት መፋቅ ነበረበት። «ሲያቆሟት አንድ ኩባያ ዘይት ጠብ ቢያደርጉባት ኖሮ…» አሉና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

አንድ ኩባያ ዘይት! ጣና ላይ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፤ ካልደረቀ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ከእነርሱ ጥቂት እርምጃ ርቃ የብረቷ ጀልባ ሦስት ክረምት ማንም ዘወር ብሎ ሳያያት ኖረች። ብረት የማይሞት ይመስለናልና ነው።

ወደ ታንጋኒካ ልመለስ። ከጦርነቱ በኋላ ቤልጂጎች ጎትሰንን አንሥተው ወደ ኪጎማ ጎተቷት፤ ነገር ግን ማዕበል መትቶ እዚያው ወደቡ አጠገብ መልሶ አሰመጣት። አካባቢው ለእንግሊዝ አስተዳደር ሲተላለፍ መርከቢቱ ከነሥፍራዋ ውኃ ውስጥ ነበረች። በመጨረሻ ማርች 16 ቀን 1924 እንግሊዞች አወጧት። ከመጀመሪያው መስመጥ ሲቆጠር ስምንት ዓመት ሊሞላ አራት ወር ያህል ቀርቶት ነበር።

የሞተሩን ክፍል ሲከፍቱ ጠላቶቻቸው የቀቡት ግራሶ ሥራውን ሠርቶ ቆያቸው። ሞተሮቹና የእንፋሎት ማፍሊያ ጋኖቹ አሁንም የሚያገለግሉ ሆነው ተገኙ። ጣና ዳር በደረቅ መሬት ላይ ሦስት ክረምት የቆመው ሞተር ያልተረፈውን፣ ሐይቅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰምጦ ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ተረፈ። እርግጥ የታንጋኒካ ውኃ ጨዋማ እንደ ባሕር አይደለም፤ ይህም ረድቷል። ያለ ግራሶው ግን ያ ሁሉ ብረት አንድ ላይ ተጣብቆ የዝገት ድንጋይ በሆነ ነበር። ከጥገና በኋላ ሜይ 16 ቀን 1927 መርከቢቱ ሥራ ጀመረች። የአገረ ገዢው ስም ተፍቆ «ሊምባ» ተባለች። ይህም ሊቪንግስተን በ1867 ወደ ሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ በደረሰ ጊዜ ሐይቁ የሚጠራበት ሆኖ ያገኘው ስም ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ልቤን ደስ ያሰኘው ምናልባት ይህ የስም ለውጥ ነው።

ሦስቱን ሰዎች ቅዱሳን ላደርጋቸው አልሻም። በእኔ ግምት ግራሶውን የቀቡት ለእንግሊዝ አዝነው አይደለም፤ አገራቸው አሸንፋ፣ እነርሱም ተመልሰው፣ ራሳቸው እንደሚያነሷት ተስፋ አድርገው ይመስለኛል። በዚያ ዘመቻ ጭነት እየተሸከሙ በበሽታና በረሃብ የወደቁት አፍሪካውያን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ለሞተሩ የተረፈው ጥንቃቄ ለእነዚያ ሰዎች አልተረፈም። አብዛኞቹ ስማቸው እንኳ በመዝገብ አልሰፈረም፤ የሦስቱ መሐንዲሶች ስም ግን እነሆ እኔም ዘንድ ደርሷል። ይህን እያወቅሁም ቢሆን፣ ያንን የሞተር ክፍል ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ወደ ሰዎቹ ያደላል። ከላይ መድፍ እየተቃረበ ነው፤ ትእዛዙ «አጥፉ» ይላል። እነርሱ ግን ከፓፐንቡርግ ጀምሮ እያንዳንዱን ብሎን ያውቁታል፤ ፈትተውታል፣ አሽገውታል፣ መልሰው አስረውታል። ትእዛዙን ፈጸሙ። ሲፈጽሙት ግን ሞተሩን እንደ ሬሳ ሳይሆን እንደ ተኛ ሰው አለበሱት።

ሊምባ በዚያው በእንፋሎት ሞተሯ እስከ 1970ዎቹ ሠራች። በዚያን ጊዜ የእንፋሎቱ ሞተር ወጥቶ የናፍጣ ሞተር ገባላት፤ የብረት አካሏ ግን ያው የ1913ቱ ነው። እስከ 2018 ድረስ ከኪጎማ እስከ ዛምቢያዋ ምፑሉንጉ እየተመላለሰች ዓሣ፣ በቆሎ፣ አናናስና ሰው አመላለሰች። በመንገዷ ያሉት መንደሮች አብዛኞቹ ወደብ አልነበራቸውም። መርከቢቱ ከዳርቻው ራቅ ብላ ትቆም፣ ትንንሽ ጀልባዎች ይከቧት፣ መንገደኛው፣ ሕፃኑ፣ ዶሮው፣ ከረጢቱ ሁሉ በጎኗ በኩል እየተሳበ ይወጣ ነበር።

በ1997 የሞቡቱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ሊምባን ተከራይቶ ከ75,000 በላይ የኮንጎ ስደተኞችን ከኪጎማ ወደ አገራቸው፣ ወደ ኡቪራ፣ መለሰባት። በሜይ 2015 ደግሞ ከቡሩንዲ የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በድንበሩ አጠገብ ባለችው ካጉንጋ በምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ከኋላቸው ተራራ ከፊታቸው ሐይቅ ሆኖ ታፍነው ነበር፤ ኮሌራም ገብቶባቸው ነበር። ወደ መንደሯ የሚያስገባ የመኪና መንገድ ስላልነበረ ሊምባ ተላከች። እንደ ልማዷ ከዳርቻው ራቅ ብላ ቆመች። ዓሣ አጥማጆቹም በጀልባቸው ሴቶችን፣ ሕፃናትንና በሽተኞችን እያመጡ ከጎኗ አስጠጉላት፤ በአንድ ጉዞ ስድስት መቶ ያህል ሰው እየጫነች ወደ ኪጎማ ወሰደቻቸው።