ፍጻሜው የተከለከለ ተረት
ቮልቴስ ፋይቭ እና የማኒላ ሕፃናት

በኦገስት 27 ቀን 1979 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ የጃፓን የሮቦት ካርቱን ፊልሞች ከቴሌቪዥን እንዲወገዱ አዘዙ። ትእዛዙ በጋዜጣ፣ በሠራተኛ ማኅበር ወይም በተቃዋሚ ፓርቲ ላይ የወጣ አልነበረም፤ እነዚያ አስቀድመው አፋቸው ተለጉሟል። በዚህ ጊዜ የተነካው በየሳምንቱ ዓርብ ምሽት ከቴሌቪዥኑ መስኮት ፊት የሚሰበሰበው የሕፃናት ጉባኤ ነው። ሕፃናቱ ከአንድ ዓመት በላይ የተከታተሉት ቮልቴስ ፋይቭ የተባለው ፊልም ሊፈጸም የቀሩት ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነበሩ። ባሮቹ በጌቶቻቸው ላይ የሚነሡበት ምዕራፍ ገና አልታየም።

ቮልቴስ ፋይቭ በጃፓን ከጁን 1977 እስከ ማርች 1978 በ40 ክፍሎች የቀረበ ሥራ ነው። ላይ ላዩን ለሚመለከተው ሰው የመጫወቻ ነጋዴ ድርሰት ይመስላል። አምስት ወጣቶች አምስት የጦር መሣሪያዎችን ይነዳሉ፤ መሣሪያዎቹ ተጋጥመው አንድ ግዙፍ የብረት ሰው ይሆናሉ፤ የብረቱ ሰውም በየሳምንቱ ከሌላ ዓለም የተላከውን አውሬ በሰይፉ ይሰነጥቃል። መጫወቻውም በየሱቁ ይሸጥ ነበርና የነጋዴው እጅ እንዳለበት መካድ አይቻልም።

ከአውሬው በስተጀርባ ያለው ዓለም ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ቦአዛን በምትባለው ፕላኔት ላይ የሰው ክብር የሚለካው በቀንዱ ነው። ቀንድ ያለው መኳንንት ነው፤ ቀንድ የሌለው ባሪያ ነው። ላ ጉር የተባለው ሊቅ ከመኳንንት ቤት ያለ ቀንድ ተወለደና ሐሰተኛ ቀንድ አጥልቆ አደገ። ምስጢሩ በተገለጠ ጊዜ ወደ ባርነት ተጣለ፤ ከባሮቹ ጋር ዐመፀ፤ በመጨረሻም ወደ ምድር አመለጠ። ከአምስቱ ወጣቶች ሦስቱ እርሱ በምድር የወለዳቸው ወንድማማቾች ናቸው። ምድርን የሚወጋው ጦር አዛዥ ልዑል ሄይኔልም፣ በማኒላ ልዑል ዛርዶዝ ይባል የነበረው፣ አባታቸው በቦአዛን ጥሎት የመጣው ታላቅ ወንድማቸው መሆኑ የሚታወቀው ታሪኩ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ነው። ጦርነቱ ወደ ቦአዛን የሚሻገረው፣ ባሮቹ የሚነሡት፣ ንጉሠ ነገሥት ዛምባጂል ከዙፋኑ የሚወድቀውም በእነዚያው የመጨረሻ ክፍሎች ነው። እንግዲህ ከተረቱ የተቆረጠው ጅራቱ ሳይሆን ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ፊልሙን የመራው ታዳዎ ናጋሃማ በሮቦት ድርሰት ውስጥ የቤተሰብን ሐዘንና የጠላትን ሰብአዊነት በማስገባት የታወቀ ዳይሬክተር ነበር። የሚያስገርመው አጋጣሚ፣ በማኒላ ሥራው በታገደበት በ1979 መጸው ናጋሃማ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ታሪኩ የሚካሄደውን «የቬርሳይ ጽጌረዳ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም የመጀመሪያ ክፍሎች ያዘጋጅ ነበር። በተከታዩ ዓመት በ1980 ሞተ።

ማኒላን በሚመለከት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። ማርኮስ በሴፕቴምበር 1972 አገሪቱን በወታደራዊ ሕግ ሥር ባዋሉ ጊዜ ጋዜጦችና የስርጭት ጣቢያዎች ተዘጉ፤ ኤ.ቢ.ኤስ.-ሲ.ቢ.ኤን. የተባለው ታላቅ የቴሌቪዥን ድርጅት ከባለቤቶቹ እጅ ወጣ። እንደገና የተከፈቱት ጣቢያዎች የሚሠሩት በፈቃድና በቁጥጥር ነበር። በቻናል 7 የሚያሰራጨው ጂ.ኤም.ኤ. ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ በሜይ 1978 ቮልቴስ ፋይቭን በእንግሊዝኛ ድምፅ ማሳየት ጀመረ። ማዚንገር ዜድንና ዳይሞስን የመሳሰሉ ሌሎች የሮቦት ፊልሞችም የሳምንቱን ምሽቶች ተከፋፈሉት። ዜናው ሁሉ በተመረጠበት፣ ንግግሩ ሁሉ በተለካበት አገር፣ ከቴሌቪዥን የሚወጣ ያልተጠበቀ ነገር ቢኖር ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጃፓንኛ አንዲት ቃል የማያውቁ ልጆች ሚትሱኮ ሆሪዬ የዘፈነችውን የመክፈቻ መዝሙር በጃፓንኛው በቃላቸው ይወጡት ነበር። አምስቱ ወጣቶች መሣሪያቸውን ሲያጋጥሙ የሚጮኹት «ቮልት ኢን» የሚለው ቃልም ከፊልሙ ወጥቶ፣ ተባብሮ አንድ መሆንን የሚገልጽ የመንገድ ቋንቋ ሆኖ ቀረ።

ለእገዳው በይፋ የተሰጠው ምክንያት ፊልሞቹ ከልክ ያለፈ ጠብ ያሳያሉ፣ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳሉ የሚል ነበር። 1979 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሕፃናት ዓመት ብሎ የሰየመው ዘመን መሆኑም እዚህ ላይ ይታወሳል። የወላጆች ቅሬታ ከአየር የተፈጠረ አልነበረም። በየሳምንቱ የሚሰነጠቀው አውሬ ያሳሰበው አባት፣ የመጫወቻው ዋጋ ያስመረረው አባትም በእርግጥ ነበረ፤ መምህር የሆነ አንባቢ ይህን ስጋት በቀላሉ አይንቀውም።

ከዚያ በኋላ ሥር የሰደደው አስተያየት ግን ቤተ መንግሥቱ የፈራው ሰይፉን ሳይሆን የባሮቹን ዐመፅ ነው ይላል። ይህን አተረጓጎም እንዳለ መቀበል ያስቸግረኛል። እገዳው ቮልቴስ ፋይቭን ብቻ ለይቶ የመታ አልነበረም፤ ማዚንገር ዜድን የመሳሰሉ፣ ስለ ባርነት የማያወሱ ፊልሞችም አብረው ወድቀዋል። አምባገነኑ በጃፓን የታየውን ፍጻሜ አስቀድሞ አስመርምሮ፣ ባሮቹ ድል እንደሚያደርጉ ተረድቶ ፊልሙን አስቆረጠ የሚለው ታሪክ ከታሪክነቱ ይልቅ ለቴአትር ይመቻል። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ራሱ ፊልሙ ያልነበረውን ትርጉም ሰጠው። የስምንት ዓመት ልጅ ንጉሠ ነገሥት ዛምባጂልን ያውቀዋል፤ ጨካኝነቱን፣ ባሪያ ገራፊነቱን ከዓርብ ዓርብ ተመልክቷል። ማርኮስን ግን የሚያውቃቸው በግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ምስላቸው ነው። በዚያ ሳምንት ዓርብ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ቮልቴስ ፋይቭ ሲጠፋ፣ ልጁ «ማን ከለከለን?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱም የአንድ ሰው ስም ነበር። ስለ ወታደራዊ ሕግ ወላጆቹ በቤት ውስጥ እንኳን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩትን ነገር ልጁ በራሱ ጉዳይ አገኘው። በዚያ ዘመን ሕፃን የነበሩ ፊሊፒናውያን፣ ኋላ ጸሐፊና የፊልም ሰው ከሆኑ በኋላ፣ በማርኮስ ላይ መጀመሪያ የተቆጡበት ቀን ያ እንደ ነበር ደጋግመው ተናግረዋል። ራሳቸውንም የቮልቴስ ፋይቭ ትውልድ ብለው ይጠራሉ።

ተመልካች የወደደው ፊልም ሲቋረጥበት ምን ያደርጋል? በጃፓን በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ሌላ ዓይነት መልስ ተሰጥቷል። «የጠፈር ጦር መርከብ ያማቶ» የተባለው ተከታታይ ፊልም በ39 ክፍሎች ታቅዶ፣ ተመልካች በማነሱ በማርች 1975 በ26ኛው ክፍል አበቃ። «ጋንዳም»ም በተመሳሳይ ምክንያት ከ52 ወደ 43 ክፍሎች ተቆርጦ በጃንዋሪ 1980 ተዘጋ። በሁለቱም ጊዜ የቆረጠው የገበያው መቀስ ነበር። ወዳጆቻቸው ግን ማኅበር አቋቋሙ፣ የራሳቸውን መጽሔት አሳተሙ፣ ፊልሞቹም ደግመው ሲታዩ ተመልካቹ በዛ። ያማቶ በ1977፣ ጋንዳም በ1981 ወደ ሲኒማ ቤት ሲገቡ ወጣቶች ሌሊቱን ተሰልፈው አደሩ። ነጋዴ የቆረጠውን ነጋዴ ይመልሰዋል፤ ትርፍ ካየ። የማኒላው ልጅ ግን አቤት የሚልበት ደጅ አልነበረውም። ለጣቢያው ቢጽፍ ጣቢያው ራሱ የታዘዘ ነው፤ ለጋዜጣ ቢጽፍ ጋዜጣው ከእርሱ የባሰ የታሰረ ነው። የቀረው መንገድ በመንደር ሜዳ ላይ የሮቦቱን ውጊያ ከጓደኞቹ ጋር ተከፋፍሎ እየተጫወተ የጎደለውን ፍጻሜ ከራሱ ማውጣት ነበር። በልጅ ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሁልጊዜ ይወድቃል።

ወታደራዊው ሕግ በጃንዋሪ 1981 በስም ተነሣ፤ ሥልጣኑ ግን በእጁ እንዳለ ቀረ። በኦገስት 1983 ተቃዋሚው ቤኒኞ አኪኖ ከስደት ሲመለስ በማኒላ አየር ማረፊያ ተገደለ። በፌብሩዋሪ 1986 ኢድሳ በተባለው ሰፊ ጎዳና ላይ ሕዝቡ ለአራት ቀን ከታንክ ፊት ቆመ፤ በ25ኛው ቀን ማርኮስ ከነቤተሰባቸው አገር ለቀው ወጡ፤ ወደ ሃዋይም አመሩ። በ1978 የስምንት ዓመት ልጅ የነበረው ያን ጊዜ የ16 ዓመት ወጣት ሆኗል። ቮልቴስ ፋይቭ ሕፃናቱን ወደ ኢድሳ አወጣቸው ብሎ የሚጽፍ ቢኖር አላምነውም፤ ያወጣቸው ረኀቡ፣ ግድያውና የተሰረቀው ምርጫ ነው።

ፊልሙ ከማርኮስ ውድቀት በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። በ1999 ጂ.ኤም.ኤ. በታጋሎግ ድምፅ አሰምቶ እንደገና አሳየው፤ በዚያው ዓመት የመጨረሻዎቹ ክፍሎች እንደ አንድ ፊልም ተቀናብረው በሲኒማ ቤት ቀረቡ፤ ርእሱም «ነፃነት» የሚል ነበር። ትኬት ከገዙት መካከል ለ20 ዓመት የጠበቁ፣ የራሳቸውን ልጆች በእጃቸው የያዙ ነበሩ።

በሜይ 2023 ያው ጣቢያ ቮልቴስ ፋይቭን በፊሊፒናውያን ተዋንያን አዲስ አድርጎ ማሳየት ጀመረ። በዚያን ጊዜ በፕሬዚዳንቱ መንበር ላይ የነበሩት በ2022 የተመረጡት የማርኮስ ልጅ፣ ፈርዲናንድ ማርኮስ ትንሹ ናቸው። የመጨረሻው ክፍል በሴፕቴምበር 2023 በሰዓቱ ታየ።