እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፦ ጥበባቸውን ለአብነት ተማሪዎች የሰጡ እናት

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ድርሰቶቻቸው በዓለም ዘንድ የታወቁ ኢትዮጵያዊት መነኩሴ ናቸው። በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል። ስለ እርሳቸው የተጻፈው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን የሙዚቃቸውን ልዩ ጠባይ የሚያደንቅ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እምብዛም የማይነገረውን፣ ሙዚቃው ለማን ጥቅም እንደዋለ የሚያሳየውን የሕይወታቸውን ክፍል ነው።

የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በጎንደርም በአዲስ አበባም በከንቲባነት ያገለገሉ፣ የታወቁ የመንግሥት ሰው ናቸው። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ስንዱ በኋላ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ሆነዋል። የውብዳር ደግሞ በዚያው በስዊዘርላንድ ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጋር ተዋወቁ። በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ተግዘው በአሲናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አቅራቢያ በምትገኘው በመርኮሊያኖ ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ተማሩ። ወደ ለንደን ተሻግረው ትምህርታቸውን ለመቀጠል የነበራቸው ዕድል ግን ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ።

ይህ መከልከል ብርቱ ኀዘን ላይ ጣላቸው። እህል መቅመስ ትተው ታመሙ፤ ለሞትም ቀረቡ። በዚያ ሕመም ሳሉ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ልባቸው ከዓለም ተለየ፤ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ወጥተው መነኰሱ። በጭቃ ጎጆ እየኖሩ፣ በባዶ እግራቸው እየሄዱ በዚያ ተራራ ላይ አሥር ዓመት ያህል ቆዩ።

ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ወደ ጎንደር ሄዱ። አባታቸው በከንቲባነት ወዳስተዳደሯት ከተማ በተማሪነት ገቡ ማለት ነው። ጎንደር በአቋቋም ትምህርት የከበረች ናት፤ የጎንደር በአታ ስም በሊቃውንት ዘንድ ያለው ክብር ለአንባብያን ይታወቃል። እማሆይ በየዕለቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ከበሩ ውጭ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ወጣቶችን ያዩ ነበር። እነዚህ ወጣቶች የዜማ ተማሪዎች ናቸው። ቤት የላቸውም፤ የሚበሉትንም ከየደጁ ለምነው ያገኛሉ።

የአብነት ትምህርት ቤትን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ተማሪው ገና በልጅነቱ ከአገሩ ይወጣል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየመንደሩ ይዞራል። የሰጠውን አመስግኖ፣ የከለከለውን ታግሦ ሲመለስ ጓደኞቹ ጋር ቁራሹን ይካፈላል፤ ሌሊት ደግሞ ለቃል ትምህርት ይነሣል። ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ድጓውን አጽንቶ እስኪመረቅ ብዙ ዓመታት እንዲሁ ያልፋሉ። ልመናው ትሕትናን የሚያስተምር ነው እየተባለ ይነገራል፤ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ረኀቡ፣ ብርዱና ደዌው ከትምህርት ገበታ ያስቀሯቸው ተማሪዎችም ብዙዎች ናቸውና ችግሩን በትሕትና ስም ብቻ ማለፍ አይገባም ብለን እናምናለን።

እማሆይ አላለፉትም። ለእነዚህ ተማሪዎች የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩት የሙዚቃ ጥበብ ነውና በእርሱ ወጣቶቹን ለትምህርት ለመርዳት ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ። ሌሎችም ተከትለው ወጡ፤ በዚህም እኅታቸው ደስታ ገብሩ ረድተዋቸዋል። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ልጆች ለሚያድጉበት የሕፃናት ማሳደጊያም ውሏል።

መነኩሴ ፒያኖ መምታቷ እንዴት ይታያል የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ምእመናን ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የማኅሌት አገልግሎት በግእዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ የጸና ነው፤ ንዋያተ ማኅሌቱም ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። ፒያኖ በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። የእማሆይ ድርሰቶች የያሬዳዊ ዜማ መዓዛ ቢሰማባቸውም የማኅሌት ምትክ ሆነው የቀረቡ አይደሉም። ለቅኔ ማኅሌቱ የሚገባውን ለቅኔ ማኅሌቱ ትተው፣ በእጃቸው ሙያ ለድኻ ሠርተዋል፤ ሌላዋ እናት ፈትላ ወይም ሰፌድ ሰፍታ እንደምትመጸውት ማለት ነው። ሥራቸውን በዚህ መልክ ብናየው ወደ እውነቱ የምንቀርብ ይመስለናል።

እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ተቀመጡ። ይህ ገዳም በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመ ነው። በዚያ ወደ 40 ዓመት ገደማ በጠባብ ክፍል ኖሩ፤ ፒያኖውም በዚያችው ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ድርሰቶቻቸው በኖታ ተጽፈው በመጽሐፍ ታተሙ። ይህም ለማስተማር ትልቅ ነገር ነው፤ ከሸክላ ሰምቶ ከማድነቅ ባለፈ ሌላ ተማሪ በራሱ ጣት እንዲያጠናቸው አስችሏል። በስማቸው የተቋቋመው የሙዚቃ ድርጅትም በአፍሪካና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ሕፃናት ሙዚቃ የሚማሩበትን ዕድል ለመስጠት የተመሠረተ ነው።

እግዚአብሔር አምላክ የእናታችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን። አሜን።