አሮጌ ሽጉጥ ምን ይጉረስ?

ዛሬ ከወትሮው ፖለቲካ ወጣ ብዬ ስለ አንዲት ትንሽ እርሳስ ላወጋችሁ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን የቀሰቀሰው አጎቴ ነው። ጋሼ ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ቆመው ሲሸጡ ኖረዋል። ባለፈው ወር ማታ ደወሉና ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ከተጠያየቅን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ አንድ ነገር አጣራልኝ» አሉኝ። ለካ ሱቁን ከሸጠላቸው አሜሪካዊ ሽማግሌ ላይ ሽጉጥም ገዝተው ኖሯል። «በሕግ ነው፣ ወረቀቱ እጄ ላይ አለ» አሉ ቀድመው። ኮልት ዲቴክቲቭ ስፔሻል፣ ስድስት ጎራሽ፣ አፈሙዙ ከጣት የማይረዝም። ከቁጥሩ እንደተረዳነው በ1950ዎቹ የተሠራ ነው። በሰሞኑ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ ሱቅ ተዘርፎ ልባቸው ስላላረፈ ጥይት ሊገዙ ሄዱ። ሻጩ ልጅ ያለውን ሁሉ ደረደረላቸው፤ ግማሹ ሳጥን ላይ «ፕላስ ፒ» የሚል ጽሑፍ አለ። ያንተ ሽጉጥ ይችለዋል ወይ ሲሉት ትከሻውን ሰበቀ።

«ጋሼ፣ ነገሩ ቢቀርብዎትስ?» አልኳቸው።

«ምክር አልጠየቅሁህም። ምን ላጉርሰው ነው ያልኩህ።»

እኔ ሽጉጥ ይዤ አላውቅም። ነገር ግን ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ገብቼበት ለሦስት ሳምንት አልወጣሁም። ምክንያቱም የዚህች ጥይት ታሪክ ሠራዊት የተሳሳተበት፣ ፖሊስ የተሳሳተበት፣ ኤፍ ቢ አይም የተሳሳተበት የመቶ ሃያ ዓመት ክርክር ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። አባቶቻችን ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን ለይተው ያውቁ ነበር፤ እኛ ሁሉንም ጥይት ብለን አለፍነው። (አባቶቻችን የጥይት ዋጋ ገብቷቸው ነበር። የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ የነበረበት ዘመን አለ።) የዛሬው ወሬያችን በዋናነት ስለ አረሩ ነው፤ ከቀለሁ ወጥቶ ስለሚሄደው።

የአሜሪካ ጦር በ1892 ኮልት የሠራውን 38 ካሊበር ሪቮልቨር ታጠቀ። ከዚያ ፊሊፒንስ ገባ። በደቡብ ደሴቶች ያሉ የሞሮ ተዋጊዎች ጎራዴ ይዘው ሲመጡባቸው መኮንኖቹ ስድስቱንም ጥይት አራግፈው ሰውየው ሳይቆም ደረሰብን እያሉ አቤቱታ ላኩ። የቅኝ ግዛት ጦር ገበሬን በገዛ አገሩ መግደል አቃተኝ ብሎ ሲያማርር መስማት ለእኛ የራሱ ጣዕም አለው፤ ግን እንለፈው። በ1904 ኮሎኔል ቶምፕሰንና ሐኪሙ ሻለቃ ላጋርድ ጥናት እንዲያካሂዱ ታዘዙ። ቺካጎ ቄራ ሄደው በቁም ከብት ላይ ተኮሱ፤ በተሰቀለ ሬሳ ላይ ተኩሰው ሬሳው ምን ያህል እንደተወዛወዘ ገመቱ። መደምደሚያቸው፦ የውጊያ ሽጉጥ ከ45 ካሊበር ማነስ የለበትም። ታዋቂው የ1911 ኮልት የተወለደው ከዚህ ነው። ዛሬ ላይ ሆነው ያንን ጥናት የሚያነብቡ ባለሙያዎች ብዙም አያከብሩትም። የሬሳ ውዝዋዜ ስለ ሕያው ሰው የሚነግረው ነገር የለምና።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣመመው። ጦሩ 38ን ሲጥል ፖሊስ አነሳው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ያንኑ ጥይት ጥቂት አስረዝሞ፣ ባሩዱን ከ18 ወደ 21 ግሬይን፣ አረሩን ከ150 ወደ 158 ግሬይን ከፍ አድርጎ «38 ስፔሻል» አለው። 158 ግሬይን ማለት አሥር ግራም ገደማ፣ አፍንጫው የከበበ እርሳስ ነው። በፊሊፒንስ የተረገመው ጥይት የቅርብ ዘመድ በአሜሪካ ፖሊስ ወገብ ላይ ከሰባ ዓመት በላይ ኖረ። ለምን? ርካሽ ነው፣ አይራገጥም፣ ዒላማ ይመታል። የመንግሥት ግዢ የሚሠራው በየትም አገር ያው ነው።

በ1927 ኮልት የዚህኑ ጥይት ሽጉጥ አፈሙዝ እስከ ሁለት ኢንች፣ ማለትም አምስት ሴንቲ ሜትር ድረስ አሳጠረና ዲቴክቲቭ ስፔሻል አለው። ኮት ኪስ የሚገባ የመርማሪ ሽጉጥ ነው። በ1950 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አምስት ጎራሹን ቺፍስ ስፔሻል አመጣ። በድሮ የአሜሪካ ፊልም መርማሪው ከብብቱ የሚያወጣት ድንክ ሽጉጥ ከሁለቱ አንዷ ናት።

ማሳጠሩ ዋጋ አለው። ባሩዱ ተቃጥሎ አረሩን የሚገፋው አፈሙዙ ውስጥ እያለ ነው። አፈሙዙ ሲቆረጥ ግፊያው ሳያልቅ አረሩ ይወጣል፤ የቀረው ባሩድ ውጭ በነበልባልና በጩኸት ይባክናል። ከአራት ኢንች ወደ ሁለት ሲወርድ ፍጥነቱ በሰከንድ በአሥራዎች የሚቆጠር ሜትር ይቀንሳል። ቀድሞም ዝግ ያለ ጥይት ይበልጥ ይዘገያል ማለት ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሮጌ ሽጉጥና ጥይት ሳይጋጠሙ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ምሳሌ ደግሞ ከዳላስ ይመጣል። ኅዳር 22 ቀን 1963፣ ኬኔዲ በተገደለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ፖሊስ ቲፒትን የገደለበት ሪቮልቨር በፖስታ ያዘዘው የ29 ዶላር ከ95 ሳንቲም ዕቃ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዞች የተሠራ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው። የእንግሊዙ 38 እና የአሜሪካው 38 ስፔሻል ስማቸው እንጂ ልካቸው አንድ አይደለም፤ የእንግሊዙ አጠር ብሎ ወፈር ይላል። ነጋዴዎች አፈሙዙን ቆርጠው፣ የጥይት ማጉረሻውን ቦርቡረው 38 ስፔሻል እንዲጎርስ አደረጉት። አፈሙዙ ግን የወፍራሙ ነበርና ቀጭኑ አረር ውስጡ እየተንገዋለለ ወጣ። በዚህም ምክንያት የኤፍ ቢ አይ ባለሙያ ከፖሊሱ አስከሬን የወጡት አረሮች ከዚያ ሽጉጥ መተኮሳቸውን በእርግጠኝነት ለመናገር አልቻለም። ሽጉጡን ያስታወቁት መንገድ ላይ የወደቁት ቀለሆች ናቸው። የሴራ ወሬ ወዳጆች በዚህች ክፍተት ስንት መጽሐፍ እንደጻፉ አትጠይቁኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጃክ ሩቢ ኦስዋልድን ገደለው። የያዘው ኮልት ኮብራ፣ የጋሼ ሽጉጥ የአሉሚኒየም ታናሽ ወንድም ነበር። አንዲት 38 ስፔሻል ጥይት፣ ሆድ ላይ፣ በክንድ ርቀት። ደካማ ጥይት ተብሎ ለስድሳ ዓመት ሲታማ የኖረው ዘር ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ተቦረቦረው ጥይት እንምጣ። ጫፉ የተቦረቦረ አረር ሥጋ ሲያገኝ እንደ አበባ ይፈነዳል፤ ይሰፋል፣ ቁስሉን ያሰፋል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል። የዚህ ሐሳብ አባት በ1890ዎቹ ካልካታ አጠገብ ባለው የዱምዱም ፋብሪካ እንግሊዞች የሠሩት ጥይት ነው። በ1899 የሄግ ጉባኤ የሚፈነዳውንና የሚሰፋውን ጥይት በጦርነት ከለከለ። «ዱምዱም» የሚለው ቃል ለእኛ ታሪክም እንግዳ አይደለም። ጣሊያን በ1935 እና 36 የመርዝ ጋዝ ስታዘንብብን፣ ራሷ ያጸደቀችውን የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል መርገጧን ለመሸፈን ለመንግሥታት ማኅበር ካቀረበቻቸው ክሶች አንዱ «ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ጥይት ተኮሱብን» የሚል ነበር። አንድ አረርና ከሰማይ የሚረጭ ሰናፍጭ ጋዝ በአንድ ሚዛን ተመዘኑ። አያቴ ስለዚያ ጦርነት ሲያወሩ «ጥይት» ባሉ ቁጥር ስለ እጥረቱ እንጂ ስለ ዓይነቱ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ በጦርነት የተከለከለውን ፖሊስ እንዴት ያዘው? የሄጉ ቃል የሚያስረው በአገራት መካከል በሚደረግ ጦርነት ነው። የፖሊሶቹ መከራከሪያ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ድፍኑ አረር ወንጀለኛውን በስቶ አልፎ ከኋላው ያለችውን እናት ይመታል፤ የተቦረቦረው ግን ውስጥ ይቀራል። ኒውዮርክ ፖሊስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ተቦረቦረው ሲዞር ያቀረበው ይህንኑ ነው። መከራከሪያው ሳልወድ ያሳምነኛል።

ነገር ግን አበባው እንዲፈነዳ ፍጥነት ያስፈልጋል። ያዙልኝ ያልኳት ነጥብ ይህች ናት። ከአራት ኢንች አፈሙዝ ጥሩ የሚፈነዳ ጥይት ከሁለት ኢንች ሲወጣ ዝግ ይላል፤ ቀዳዳው በሸሚዝና በኮት ክር ይደፈንና እንደ ድፍን ሆኖ ያልፋል። በአጭር ሽጉጥ ውድ ጥይት ገዝቶ የርካሹን ሥራ ማግኘት ማለት ነው። መፍትሔ የተባለው ሁለት ነው። አንደኛው መዳብ ያልለበሰ፣ ለስላሳ እርሳስ መጠቀም ነው፤ በዝግታም ይለጠጣል። በ1970ዎቹ ኤፍ ቢ አይ የመረጠው ባለ 158 ግሬይን የተቦረቦረ እርሳስ ስሙ እስካሁን «የኤፍ ቢ አይ ጥይት» ነው። ሁለተኛው የባሩዱን ግፊት መጨመር ነው። «ፕላስ ፒ» የሚባለው ይህ ሲሆን እንደ ደረጃ የታወቀው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። የጋሼ ሽጉጥ ሲሠራ ቃሉም አልነበረም። አንድ ሁለት ቢተኮስበት እጅ ላይ አይፈነዳም ይላሉ የሚያውቁት፤ ግን ብረቱ ይላላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም ቢሆን በ1957 የሞዴል ቁጥር መምታት ከመጀመሩ በፊት ለሠራቸው ሽጉጦች ፕላስ ፒ አይመክርም።

የመጨረሻው ትልቅ ጠብ ማያሚ ላይ ሆነ። ሚያዝያ 11 ቀን 1986 ስምንት የኤፍ ቢ አይ ሰዎች ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን መንገድ ላይ አስቁመው ተታኮሱ። ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ማይክል ፕላት ገና መጀመሪያ ላይ በ9 ሚሊ ሜትር የተቦረቦረ ጥይት ተመትቶ ነበር። አረሩ ክንዱን በስቶ፣ ደረቱ ገብቶ፣ ፈንድቶ፣ ልቡ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ሰውየው ከዚያ በኋላም ጠመንጃውን ይዞ ሲገድል ቆየ። ግብግቡን የጨረሰው አንድ እጁ የተሰባበረበት መርማሪ ሚሬሌስ ነው። በምን? በሪቮልቨር፣ ያውም 38 ስፔሻል ጎርሶ።

ኤፍ ቢ አይ ጥፋቱን በዚያች ልብ ሳትደርስ በቀረች አረር ላይ ጣለው። በእኔ እይታ ስምንት ሰው አብዛኛው ሽጉጥ ብቻ ይዞ ከጠመንጃ ጋር መግጠሙ ነው ትልቁ ስሕተት፤ ግን ጥይትን መክሰስ አለቃን ከመክሰስ ይቀላል። ሆኖም ከክሱ አንድ ጠቃሚ ነገር ተወለደ። ከሬሳ ውዝዋዜ ይልቅ በልክ የተዘጋጀ ጄላቲን ላይ፣ በልብስ ሸፍኖ መተኮስና ጥልቀቱን መለካት ተጀመረ። ቢያንስ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር መግባት አለበት ተባለ። ሰው በጎኑ ሊቆም ይችላል፣ ክንዱ ሊቀድም ይችላል። መስፋት ጥሩ ነው፤ መድረስ ግን ይቀድማል።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን ያልተጠበቀ ነገር ብቅ አለ። ዋድከተር የሚባል፣ ጫፉ እንደ ጣሳ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ለዒላማ ውድድር የተሠራ 148 ግሬይን ጥይት አለ። ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ እንዲተው ተብሎ ነው እንደዚያ የተቆረጠው። ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፣ አይራገጥም፣ ለመስፋትም ፍጥነት አይለምንም፤ ምክንያቱም አይሰፋም። ከአጭር አፈሙዝ ወጥቶ ልብስ በስቶ ከ12 ኢንች በላይ ይገባል። ለአሮጌ ድንክ ሽጉጥ ብዙ አዋቂዎች ዛሬ የሚመክሩት ይህንኑ የመዝናኛ ጥይት ነው፤ ወይም ደግሞ ተራውን 158 ግሬይን። የእነዚህ ሽጉጦች ማነጣጠሪያ የማይንቀሳቀስ ሆኖ ለ158 የተስተካከለ ስለሆነ በጣም ቀላል አረር ዝቅ ብሎ ይመታል።

ይህንን ሁሉ ለጋሼ በስልክ አስረዳሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ አዲሱን ቀርቶ የርካሹን ግዛ ነው የምትለኝ?» አሉ። አዎ፣ ግን መጀመሪያ ሽጉጡን ለባለሙያ ያሳዩ አልኳቸው። የድሮ ኮልት ውስጡ ሲያረጅ ተሽከርካሪው ቋት ከአፈሙዙ ጋር በትክክል ሳይገጥም ይቀራል፤ ያኔ እርሳሱ ጠርዙ እየተላጨ፣ ፍርፋሪው በጎን እየተረጨ ነው የሚወጣው። የትኛውም ጥይት ይህንን አያድንም።

ሄዱ። ጠጋኙ አገላብጦ አየና ከስድስቱ ጉድጓዶች ሁለቱ ዘግይተው እንደሚገጥሙ አሳያቸው። ሠርቶ ለመመለስ አምስት ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ መተኮሻ ቦታ ሄደው ሃምሳ ዋድከተር ተኮሱ። በሰባት ሜትር ላይ አብዛኛውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፤ ሚስታቸው ደግሞ ሁሉንም። አንድ ጉድለት እንዳለው ነገርኳቸው፦ ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ በችኮላ ሲሞላ የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ እየተደናቀፈ አልገባም ይላል።

«ሁለተኛ እስክሞላ ድረስማ ማን ይጠብቀኛል» አሉ ጋሼ፤ ከዚያ የሱቁ በር ደወል ተሰማና ስልኩን ዘጉት።