ቡችላው ከመምጣቱ በፊት፦ የዶርዜ ጎጆ፣ የቆርቆሮ ቤትና የፓስተር መርፌ

የጎረቤት ውሻ ወልዳ “አንዱን ውሰዱ” ተባላችሁ እንበል። ሲቀላም ኑሩ ሴቻ፣ ዝግጅቱ ያው የታወቀው ነው፤ አንድ ካርቶን፣ አሮጌ ጆንያ፣ ለወተት የምትሆን ጣሳ። ቡችላው ጎርመስ ሲል ደግሞ ግቢው በር አጠገብ በቆርቆሮ የተመታች ትንሽ ቤትና ሰንሰለት። በቃ፣ አለቀ። ግን ለእንስሳ ቤት ማዘጋጀት በጋሞ ምድር የቆየ ጥበብ ነው። ምን እንደምንረሳ ለማየት ከአርባ ምንጭ ወደ ላይ፣ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ እንውጣ።

መንገዱ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ከፍታው ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ጨንቻ ላይ ወደ 2,700 ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ብላችሁ ብታሰሉ ወደ 9 ዲግሪ ልዩነት ታገኛላችሁ። የዶርዜ ቤት የተሠራው ለዚያ ብርድ ነው። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተሸምኖ፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልጣጭ ይለበሳል፤ ፊቱ ወጣ ያለ ስለሆነ የዝሆን ራስ ይመስላል። መስኮት የለውም። መሐል ላይ ምድጃ አለ፤ ጭሱ በጣሪያው ሽመና እየተጣራ ይወጣል። ከብቶቹም እዚያው ውስጥ፣ በመከለያ ከሰው ተለይተው ያድራሉ። ቱሪስቶች እዚህ ላይ “ውይ!” ይላሉ። እኔ ግን ወዲያው ሒሳቡ ነው የሚታየኝ፤ አንዲት ላም ቀንም ሌሊትም ሳታቋርጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ሙቀት ትለቃለች። ማገዶ የማይፈልግ ምድጃ ማለት ነው። ምስጥ የግድግዳውን እግር ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ትንሽ ያጥራል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመውት ሌላ ቦታ ይተክሉታል።

እንግዲህ ያ ቤት ሲታሰብ እንስሳው የት እንደሚያድር አብሮ ታስቧል። አርባ ምንጭ ወርደን የምንሠራት የቆርቆሮ የውሻ ቤትስ? በቀትር ፀሐይ እጃችሁን ጣሪያዋ ላይ አሳርፉና ፍረዱ። ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ላብ የሚያወጣው በመዳፉ ብቻ ስለሆነ ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው። ቡችላ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሙቀት በደንብ መቆጣጠር እንኳ አይችልም። ስለዚህ ሌሊት ድርቆሽ ወይም ጆንያ፣ ቀን ጥላና የማይደፋ ውሃ ያስፈልገዋል። ቆርቆሮ ከሌለ ሌላ ምርጫ የለም ካላችሁ ቢያንስ ከላዩ ሣር ከምሩበት፤ በሣሩ መሐል የታመቀው አየር ሙቀቱን ይይዘዋል። የቀርከሃው ቤት ሥራም ይኸው ነበር።

ጎጆ የማይመልሰው ጠላት ግን አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ሉዊ ፓስተር ያበደ ውሻ ለነከሰው የ9 ዓመት ልጅ፣ ለዮሴፍ ማይስተር፣ ፓሪስ ውስጥ ክትባቱን ማስወጋት ጀመረ፤ ልጁም ዳነ። ክትባቱ የተሠራው በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች ከተወሰደና ከደረቀ ኅብለ ሰረሰር ነበር። ከዚያ 18 ዓመት ቆይቶ በ1903 በሽታው አዲስ አበባ ላይ ተነሣ። ባቡሩ ያኔ ገና ድሬዳዋ ነው፤ ፓሪስ ደግሞ በጣም ሩቅ ናት። ለተነከሰ ሰው የቀረው ዕፅና ጠበል ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የፓስተር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበትን የጉለሌ ሰፈር ሰዉ አሁንም “ፓስተር” የሚለው ከዚያ የተነሣ ነው። እዚያ ለረጅም ዓመታት የተመረተው ክትባት ፌርሚ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ቀን በቀን ሆድ ላይ የሚወጋ። አባቶቻችሁን ጠይቁ፣ መርፌውን ሲያነሡ ፊታቸው ይጨማደዳል። ብዙዎችን አትርፏል። ነገር ግን የአንጎል ሥጋ ስላለበት፣ አንዳንድ ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ነርቭ እንዲያጠቃ ያደርግ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር ከ1984 ጀምሮ ሲመክር ኖሯል። ለእኛ ለውጡ የመጣው ብዙ ዘግይቶ ነው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለቡችላው ስል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በአበደ ውሻ ተጠርጥረው ከሚነከሱት ሰዎችም 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ማለትም እናንተና ታናናሾቻችሁ። ቡችላው ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው መከተብ አለበት። እስከዚያ መንደር ለመንደር አይዙር፤ የአጥሩን ቀዳዳ መድፈን የዝግጅቱ ክፍል ነው። ውሻ ከነከሳችሁ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ታጥባችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። “ትንሽ ጭረት ናት” ብላችሁ ከእናታችሁ እንዳትደብቁ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ አዲስ ጠላት መጣ፤ የመጣውም ወላጆቻችን በሕይወት እያሉ ነው። ፓርቮ የተባለው የውሻ ቫይረስ በ1978 ታወቀ፤ ከድመት ቫይረስ ጋር የቅርብ ዘመድ ሲሆን ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ዓለምን አዳረሰ። ቡችላዎችን በደም ተቅማጥና በትውከት ይጨርሳል። ክፋቱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ መቆየቱ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ባለፈው ዓመት ቡችላ በተቅማጥ ሞቶ ከነበረ፣ አዲሱን እዚያው ቦታ ማሰር አደጋ ላይ መጣል ነው። ሲሚንቶ ወለል በተበረዘ በረኪና ይታጠባል፤ አፈር ላይ ግን በረኪናው ራሱ ኃይሉን ያጣል። ቡችላው ሙሉ ክትባቱን እስኪጨርስ ከዚያ ቦታ አርቁት። ክትባቱ በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚደጋገመውም በምክንያት ነው፤ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ እስኪጠፋ ድረስ የመጀመሪያውን መርፌ ሊያከሽፈው ይችላል።

በዚያው መርፌ ውስጥ የሚካተተው ዲስቴምፐር ግን የቆየ በሽታ ሳይሆን አይቀርም። በ1914 ጀርመን ውስጥ፣ ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ቦታ፣ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር የተቀበረ የቡችላ አፅም ተገኘ፤ ዕድሜው ወደ 14,000 ዓመት ነው። በ2018 የወጣ ጥናት ጥርሱ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ፣ ቡችላው በ19ኛው ሳምንቱ ገደማ ዲስቴምፐር ይዞት ሳይሆን አይቀርም አለ። ሕመሙ እየተመላለሰበት እስከ 28ኛው ሳምንቱ አካባቢ ኖሯል። እንደ አጥኚዎቹ ሐሳብ፣ የሚያሞቀውና ውሃ የሚያጠጣው ሰው ባይኖር ኖሮ ያን ያህል አይቆይም ነበር።

እናንተ ከእነዚያ ሰዎች በተሻለ መርፌ አላችሁ። ስለዚህ ጎረቤታችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ እናቲቱ ተከትባለች? ቡችላው ስምንት ሳምንት ሞልቶታል? ካልሞላው ከእናቱ ጋር ይቆይ። እናንተም በመሐሉ የአጥሩን ቀዳዳ ድፈኑ፣ በአቅራቢያችሁ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ክትባቱን በየትኛው ቀን እንደሚሰጥም ሄዳችሁ አጣሩ።