ጨው፣ ስኳርና ውሃ

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ባለበት ቤት የቆየ ክርክር አለ። «ውሃ ስጡት» የሚል ይኖራል፤ «ኧረ ተዉ፣ በጠጣ ቁጥር ይብስበታል» የሚልም አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚረታው ሁለተኛው ነው። የጠጣው ወዲያው ሲወጣ በዓይን ይታያላ! ለዚህ ግን እናቶችን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ነገሩ እስኪገባቸው ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1831 ኮሌራ ብሪታንያ ሲገባ የዘመኑ ሐኪሞች በሽተኛውን ደም ያፈሱት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ይግቱት ነበር። ፈሳሽ አልቆበት የሚሞተውን ሰው ያለችውንም ጠብታ ይነጥቁታል ማለት ነው። ዊልያም ኦሾኔሲ የተባለ ወጣት ሐኪም የበሽተኞችን ደም መርምሮ ውሃና ጨው እንደጎደለው አሳወቀ። በ1832 ስኮትላንዳዊው ቶማስ ላታ ጨዋማ ውሃ በደም ሥር እየሰጠ ሊሞቱ ካጣጣሩት አንዳንዶቹን አተረፈ። እሱ ግን በዓመቱ ሞተ፤ ሐሳቡም ለአሥርት ዓመታት ተረሳ።

በኋላ ሕክምናው ተመልሶ መጣ፤ እኛ በተለምዶ «ግሉኮስ» የምንለው ነው። ችግሩ መርፌ፣ ጠርሙስና ባለሙያ መፈለጉ ነው። ድሃ ሀገር ይህን ከየት ያመጣል? በአፍ እንዳይሰጥ ደግሞ ባዶ ውሃ ብቻውን የሚወጣውን አይተካም። መልሱ የተገኘው በ1960 ነው። ሮበርት ክሬን የተባለ ተመራማሪ አንጀት ስኳርና ጨውን አጣምሮ እንደሚያስገባ ገለጠ፤ እነሱ ሲገቡ ውሃም ይከተላል። ይህን በር ኮሌራም አይዘጋውም። በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ ዳካ ውስጥ በሕሙማን ላይ አረጋገጡት። ቢሆንም ሐኪሙ ሁሉ ከጠርሙሱ አልተላቀቀም።

ያላቀቀው እጦት ነው። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት 10 ሚሊዮን ያህል ስደተኛ ወደ ሕንድ ጎረፈ፤ ኮሌራም አብሮ ገባ። ቦንጋኦን በተባለች የድንበር ከተማ ይሠራ የነበረው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የደም ሥር ፈሳሹ አለቀበት። ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በውሃ አስበጥብጦ በበርሜል አስቀመጠ፤ አስታማሚዎችም በኩባያ እየቀዱ አጠጡ። ቀድሞ ከመቶው እስከ 30 ይሞት ከነበረበት ወደ 4 ገደማ ወረደ። በ1978 «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ግኝቱን ከክፍለ ዘመኑ ታላላቅ የሕክምና እርምጃዎች ምናልባት ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም አለ።

ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የተባለው ድርጅት በ1980ዎቹ ሠራተኞቹን ቤት ለቤት ልኮ ከ12 ሚሊዮን በላይ እናቶችን አስተማረ። የሠራተኞቹ ክፍያ እናቶቹ ባስታወሱት ልክ ነበር። እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በዚህ ሒሳብ ቢከፈለን ኖሮ ስንቶቻችን ጦማችንን ባደርን!

አሁን ወደዚያ ክርክር እንመለስ። እናቲቱ ያየችው ሐሰት አይደለም፤ ብጥብጡ ተቅማጡን አያቆምም። የሚገድለው ግን የሚወጣው ሳይተካ መቅረቱ ነው። ስለዚህ እየወጣም ይጠጣል፤ የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አይከለከልም። እሽጉ ከተገኘ በላዩ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ነው። ካልተገኘ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ሳይቆለል። ጨው ማብዛት ይጎዳል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የደከመ ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ ግን እያጠጡም ቢሆን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ ከተማው ሁሉ ስለ እጅ መታጠብ ሲያወራ ነበር፤ ደግ ነገር ነው። ስለ ማጠጣት ግን ያን ያህል አላወራንም። ዛሬም ብዙዎቻችን «ግሉኮስ ካልተሰካልኝ ታከምኩ አልልም» ባዮች ነን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ከማእድ ቤት የተገኘ መድኃኒት መድኃኒት አይመስለንም። ማሃላናቢስ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2022 ድረስ፣ በዓለም ብዙም ሳይታወቅ ኖረ። እሱ ባይታወቅ ግድ የለም፤ ኩባያው ከሕፃኑ አፍ አይራቅ።