ከጭራቆቹ ጉያ ያመለጠው ጀግና

በ1971 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጃፓኑ ቶኤይ ኩባንያ «ካሜን ራይደር» የተባለውን የልጆች ተከታታይ ፊልም ገና እየጀመረ ሳለ መሪ ተዋናዩ ሂሮሺ ፉጂኦካ በቀረጻ ላይ ከሞተር ሳይክል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ፉጂኦካ ጭንብል የሌለውን ገጸ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን ጭንብል የለበሰውን ጀግናም ራሱ ይጫወት ነበር። ሥራው በየሳምንቱ ለአየር መብቃት አለበት፤ ተዋናዩ ግን ሆስፒታል ተኝቷል። ሌላ ፊልም ቢሆን እዚያው ያበቃለት ነበር። ይህን ያዳነው ጭንብሉ ነው። በጭንብሉ ውስጥ ማን እንዳለ ተመልካቹ አያይም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ልብሱን ለበሰ፣ ቀድሞ የተቀረጸ የፉጂኦካ ምስል እየተቆረጠ ገባ፣ ድምፁንም ሌላ ተዋናይ ተካው።

ያም ቢሆን ለጥቂት ሳምንታት እንጂ ለዘለቄታው የሚያዛልቅ አልነበረም። ጀግናውን እንግደለው የሚል ሐሳብ ሲነሳ ፕሮዲውሰሩ ቶሩ ሂራያማ እምቢ አለ፤ የልጆች ጀግና አይሞትም። ስለዚህ ጀግናው ታኬሺ ሆንጎ ጠላትን ሊዋጋ ወደ አውሮፓ ሄደ ተባለና ከ14ኛው ክፍል ጀምሮ ሃያቶ ኢቺሞንጂ የተባለ ሁለተኛ ጀግና መጣ። አዲሱ ተዋናይ ታኬሺ ሳሳኪ ደግሞ የሞተር መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። እስከዚያ ድረስ ጀግናው የሚለወጠው ሞተሩን እያበረረ፣ የቀበቶው ማራገቢያ በነፋሱ ሲሽከረከር ነበር። አሁን ባለበት ቆሞ እንዲለወጥ ሲባል እጆቹን በተወሰነ አኳኋን ዘርግቶና አዙሮ «ሄንሺን!» ብሎ እንዲጮህ ተደረገ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም የጃፓን ልጆች የሚያስመስሉት ያ እንቅስቃሴ የተወለደው ከተሰበረ እግርና ከመንጃ ፈቃድ እጦት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ፊልም ታሪክ ከሥሩ ሲታይ የእጥረት ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ሥራ ያጡ ሰዎች በብስክሌት የእንጨት ፍሬም እየጫኑ በየሰፈሩ ይዞሩ ነበር። ለልጆች ከረሜላ ይሸጣሉ፤ በፍሬሙ ውስጥ ሥዕል እያቀያየሩ ተረት ይተርካሉ። «ካሚሺባይ» ይሉታል። ከእነዚያ ሥዕሎች ዝናው የገነነው «ኦጎን ባት» ወይም ወርቃማው የሌሊት ወፍ ነው፤ ካባ የደረበ፣ ፊቱ የራስ ቅል የሆነ የፍትሕ ተዋጊ። ልብ ይባል፤ የጃፓን ልጆች ከመጀመሪያው የወደዱት ጀግና መልከ መልካም አልነበረም፣ የሚያስፈራ ፊት ነበረው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1954 የኢሺሮ ሆንዳ የጭራቅ ፊልም «ጎጅላ» መጣ። አሜሪካ ያን ዓመት ባካሄደችው የሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ አንድ የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ በጨረር ተበክላ ነበርና ተመልካቹ ጭራቁ ከየት እንደመጣ ማንም እንዲነግረው አልፈለገም። የፊልሙን የማታለያ ጥበብ የመራው ኤጂ ትሱቡራያ በ1966 «አልትራማን»ን ወደ ቴሌቪዥን አመጣ። ግዙፍ ጭራቅ፣ ግዙፍ ጀግና፣ በጥቃቅን ሞዴል የተሠራ ከተማ። ውብ ነበር፤ ግን ወጪው ከባድ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1958 የተጀመረው «ጌኮ ካሜን» (የጨረቃ ብርሃን ጭንብል) ደግሞ ሌላውን መንገድ አሳይቷል፦ ነጭ ጥምጣም፣ ጥቁር መነጽር፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣ በቃ። የሰው ቁመት ያለው ጀግና ከተማ አያስፈልገውም።

ቶኤይ በ1971 የመረጠው ይህን ርካሽ መንገድ ነው። ዋናው የቶኪዮ ስቱዲዮው በሠራተኛ ማኅበር ውዝግብ ታምሶ ስለነበር ቀረጻው ካዋሳኪ ውስጥ ኢኩታ በተባለ ቦታ፣ በአንዲት ትንሽ የኪራይ ስቱዲዮ ተካሄደ። ጀግናውና ጭራቆቹ የሚፋለሙት ሜዳ ላይ ነው። ዝላዩን በትራምፖሊን የሚሠሩት የድብድብ ተዋንያን ነበሩ፤ ፉጂኦካ ከተጎዳ በኋላ ልብሱ ጨርሶ የእነሱ ሆነ።

ታሪኩን የጻፈው የ33 ዓመቱ የማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ሠዓሊ ሾታሮ ኢሺኖሞሪ ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ስካል ማን» የተባለ የራስ ቅል ጭንብል ያጠለቀ በቀለኛ ሥሎ ነበርና ያንኑ ፊት ለአዲሱ ጀግና ሊሰጠው ፈለገ። የቴሌቪዥኑ ሰዎች የራስ ቅል አልተዋጠላቸውም። ኢሺኖሞሪ የነፍሳት ሥዕል ሲያገላብጥ የራስ ቅል የሚመስል ፊት አገኘ፤ የፌንጣ ፊት። እኛ ዘንድ ፌንጣ ሲባል ጀግንነት ለማንም ትዝ አይለውም፤ ጃፓን ውስጥም ቢሆን ከአንበሳና ከንስር ጋር የሚሰለፍ ፍጥረት አይደለም። ዋናው ነገር ግን ይኸው ነው፦ ከሣር መሃል የሚዘል ደካማ ፍጥረት። በዚያ ሰሞን የሚናማታ ከተማ በሜርኩሪ የተመረዘባት ጃፓን ከጭስና ከፍሳሽ ጋር ተናንቃ ነበር፤ በ1970 መጨረሻ ፓርላማው ለብክለት ብቻ በተሰየመ ጉባኤ 14 ሕጎች አጽድቋል። በነፋስ ኃይል የሚንቀሳቀስ የሣር ፍጥረት በሳይንስ ሰውን ከሚያበላሽ ድርጅት ጋር ሲፋለም ለወላጆችም ትርጉም ነበረው።

ድርጅቱ ሾከር ይባላል። ሆንጎን ጠልፎ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ግማሽ ፌንጣ ያደርገዋል፤ አእምሮውን ሊያጥበው ሲል ግን ሆንጎ ያመልጣል። የሸረሪት ሰው፣ የሌሊት ወፍ ሰው፣ ጊንጥ ሰው የምንላቸው ጭራቆችም የተሠሩት በዚያው ጠረጴዛ ነው። ልዩነቱ ደቂቃዎች ናቸው። አልትራማን ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ ነው፤ የአሜሪካው ሱፐርማንም እንዲሁ። ካሜን ራይደር ግን በየሳምንቱ የሚገድለው ወንድሞቹን ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይህን ያውቁት ነበር፤ ጨለማ የበዛባቸው፣ የአስፈሪ ፊልም ጠረን ያላቸው ናቸው። ሁለተኛው ጀግና ከመጣ በኋላ ግን ብርሃኑ ጨመረ፣ ሐዘኑ ቀነሰ፤ ተወዳጅነቱም ሰማይ ነካ።

ካልቢ የተባለው ኩባንያ በጀግናው ስም ባለ 20 የን መክሰስ ከካርድ ጋር ሲሸጥ ልጆች ካርዱን እየወሰዱ ምግቡን ስለሚጥሉት የአገር መነጋገሪያ ሆነ። የሚያበራው የአሻንጉሊት ቀበቶም ጉድ ተሸጠ። ተከታታዩ በየካቲት 1973 ሲያበቃ 98 ክፍሎች ተላልፈዋል፤ ተተኪዎቹ ወዲያው ተከተሉ፤ ከ2000 ወዲህም በያመቱ አዲስ ራይደር አዲስ ቀበቶ ታጥቆ ይመጣል። ስለዚህኛው ዘመን ብዙ የምለው የለኝም፤ ቀበቶው ታሪኩን ይጎትተዋል።

ሐዘኑ ተጠብቆ የቆየው በኢሺኖሞሪ ማንጋ ውስጥ ነው። እዚያ ሆንጎ ስሜቱ ሲነሳ የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ፊቱ ላይ ይወጣል፤ ጭንብሉን የሚያጠልቀው ያን ለመሸፈን ነው። እንደ ቴሌቪዥኑም አይተርፍም፤ እሱን በመሰሉ 12 የሾከር ራይደሮች ይገደላል፣ አእምሮው ብቻ ተርፎ ከኢቺሞንጂ ጋር ትግሉን ይቀጥላል። መጨረሻ ላይም ሾከር ሕዝቡን በኮምፒዩተር ለመግዛት የነደፈው ዕቅድ መነሻው ራሱ የጃፓን መንግሥት እንደሆነ ይገለጣል። ለልጆች መጽሔት ይህን መጻፍ ድፍረት ነው።

የቴሌቪዥን ተከታታዩ ሲጀመር ሂዴአኪ አኖ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። በ1983፣ በወጣትነቱ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሠራው የአማተር ፊልም ውስጥ አልትራማንን ራሱ ተጫውቶታል፤ ጭንብል ሳያጠልቅ፣ በራሱ ፊት፣ በመነጽሩ። ቀልድ ነው፤ ግን ሲያዩት ቀልድነቱ ቶሎ ይረሳል። ይህ ሰው በኋላ «ኢቫንጌሊዮን» የተባለውን አኒሜሽን የፈጠረው ነው። በመጋቢት 2023 የወጣው «ሺን ካሜን ራይደር» የእሱ ሥራ ነው፤ የታሪኩ አጽም ግን ከማንጋው የተወሰደ ነው።

ፊልሙ ገና ሲጀምር ሆንጎ (ሶሱኬ ኢኬማትሱ) የሾከርን ወታደሮች በጡጫ ይጨፈልቃል፤ ደም ይረጫል። ከዚያ ይደነግጣል። ጭንብሉ የመዋጋት ደመ ነፍሱን እንደሚያጋግለው አጋሩ ሩሪኮ (ሚናሚ ሃማቤ) ትነግረዋለች። በ1971 ድንገተኛ ችግር የሸፈነው ጭንብል እዚህ ራሱ ችግር ሆኗል፦ ካላጠለቀው አያሸንፍም፣ ካጠለቀው ራሱን አያውቅም። ሰውየው ዓይን አፋር፣ ሰው መቅረብ የሚከብደው፣ ለገደላቸው የሚጸልይ ነው። ለሃምሳ ዓመት በቀበቶ ድምፅ የተዋጠውን ነገር አኖ እንደገና አሰማው ብዬ አምናለሁ።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በዋሻ ውስጥ ከራይደሮች መንጋ ጋር የሚደረገው የሞተር ውጊያ ጨለማ የዋጠው የኮምፒዩተር ሥዕል ነው፤ ዓይን ምንም አይጨብጥም፣ በትራምፖሊን የዘለሉት የ1971 ሰዎች ከዚህ የበለጠ ክብደት ነበራቸው። ገጸ ባሕርያቱ ስለ ነፍስና ስለ ደስታ ሲያብራሩም ፊልሙ ይጓተታል። ገቢውም በዚያው በአኖ እጅ ካለፉት ከ«ሺን ጎጅላ»ና ከ«ሺን አልትራማን» ያነሰ ነበር።

የመጨረሻው ፍልሚያ ግን ሌላ ነው። የጃፓን ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ ስለ ቀረጻው ባሳየው ዘጋቢ ፊልም ላይ አኖ የድብድብ ባለሙያዎቹ ያዘጋጁትን የሠለጠነ ትርኢት ደጋግሞ ሲጥልና ባለሙያዎቹም ተስፋ ሲቆርጡ ይታያል፤ የሚፈልገው መተጋገልን እንጂ ጭፈራን አልነበረም። ስለዚህ ሆንጎ፣ ኢቺሞንጂ (ታሱኩ ኤሞቶ) እና የሩሪኮ ወንድም ኢቺሮ (ሚራይ ሞሪያማ) ኃይላቸው ተሟጦ ይተናነቃሉ፤ ይወድቃሉ፣ ይጎተታሉ፣ ለምት የሚሆን ጉልበት ጠፍቷቸው ይተቃቀፋሉ። የሚያምር እርግጫ የጠበቀ ብዙ ተመልካች ይህን እንደ ድክመት ቆጠረው። እኔ ግን ለባለሙያዎቹ ባዝንላቸውም ከአኖ ጋር ነኝ፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተሠሩ ሰዎች ሲገዳደሉ ማማር አይገባውም።