በረዶው ሳይወርድ የተሸጠ ወቅት፦ የስኪ ተራሮች፣ የአየር ጉዞና የጋራ ፓስ አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በብዙ ተራሮች የሚያገለግል አንድ ፓስ ገዝቶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ጉዞውን እንዴት ያቅዳል የሚለው ነገር የጉዞ ወኪል ሥራ እንጂ የታሪክ ምሁር ሥራ አይመስልም። እኔ ግን ከዚህ ተራ እቅድ ጀርባ አንድ የቆየ የኢኮኖሚ ታሪክ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ጥያቄው ይህ ነው፦ በረዶው ሳይወርድ የቀረ እንደሆነ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? መልሱ ባለፉት ዘጠና ዓመታት በተደጋጋሚ ተለዋውጧል፤ በተለወጠ ቁጥርም የጉዞው አስተቃቀድ አብሮ ተለውጧል።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ማሳሰቢያዎች ላስቀድም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። «ክረምት» ስልም የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ሳይሆን በሰሜን አሜሪካ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ገደማ የሚዘልቀውን የበረዶ ወቅት ማለቴ ነው። ነገሩ ከእኛ እጅግ የራቀ ነው ለሚልም ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በስኪ መወዳደሩን አስታውሳለሁ።

ታሪካችን በባቡር ይጀምራል። በ1930ዎቹ የዩኒየን ፓሲፊክ ምድር ባቡር ሊቀ መንበር የነበረው አቬረል ሃሪማን ወደ ምዕራብ የሚጓዙ መንገደኞችን ቁጥር ማሳደግ ይፈልግ ነበር። ፌሊክስ ሻፍጎትሽ የተባለ ኦስትሪያዊ መኮንን ለአውሮፓ ዓይነት የስኪ መንደር የሚሆን ስፍራ እንዲፈልግለት ላከው፤ ሰውየውም ብዙ ተራሮች ከተመለከተ በኋላ በአይዳሆ ግዛት ከኬችም ከተማ አጠገብ ያለውን ሸለቆ መረጠ። ሰን ቫሊ የተባለው ሪዞርት በዲሴምበር 1936 ተከፈተ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የምናየው በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያወጣ የወንበር ሊፍት የተፈለሰፈውም ለዚሁ ስፍራ ነው። ጄምስ ከረን የተባለው የባቡር ኩባንያው መሐንዲስ ሐሳቡን ያገኘው የሙዝ ዘለላዎችን ወደ መርከብ ከሚያጓጉዝ የገመድ መሣሪያ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ተራራው፣ ሆቴሉ፣ ሊፍቱና ባቡሩ የአንድ ባለቤት መሆናቸውን ነው። መንገደኛው የባቡር ትኬት ሲቆርጥ የቀረውን ሁሉ የሚያዘጋጅለት ያው ኩባንያ ነበር። በረዶ ቢጠፋ የሆቴሉም የባቡሩም ገቢ የሚቀንሰው በዚያው በአንዱ ኩባንያ መዝገብ ላይ ነው። ሪዞርቱ እንደ ማስታወቂያ ታላቅ ክብር ቢያስገኝም፣ መንገደኛው ባቡርን ትቶ ወደ መኪናና ወደ አውሮፕላን ሲዞር ሸክም ሆነ፤ ኩባንያውም በ1964 ሸጠው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የመኪናው ዘመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኮሎራዶ በካምፕ ሄል የሠለጠነው 10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር በኢጣልያ ተራሮች ተዋግቶ ሲመለስ፣ ከአባላቱ ብዙዎቹ የአሜሪካ የስኪ ኢንዱስትሪ መሥራቾች ሆኑ። ከእነርሱ አንዱ ፒት ሳይበርት ሲሆን፣ ቬይል የተባለውን ሪዞርት ከባልደረቦቹ ጋር መሥርቶ በዲሴምበር 1962 ከፈተ። በዚያ ዓመት የአንድ ቀን የሊፍት ትኬት ዋጋ 5 ዶላር ነበር። በ1973 ከባሕር ወለል ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን የሚሰነጥቀው የአይዘንሃወር ዋሻ ሲከፈት ደግሞ የዴንቨር ነዋሪ በማለዳ ተነሥቶ፣ ሲንሸራተት ውሎ፣ ማታ ቤቱ መግባት ቀለለው።

በዚህ ዘመን እቅድ ማለት በአመዛኙ ሐሙስ ማታ የአየር ትንበያውን ሰምቶ ቅዳሜ መንዳት ነበር። በረዶ ከወረደ ይሄዳል፣ ትኬቱን በመስኮት ይገዛል፤ ካልወረደ ቤቱ ይቀመጣል፣ ገንዘቡም ኪሱ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የኪሳራው ሥጋት ሙሉ በሙሉ በሪዞርቱ ጫንቃ ላይ ነበር። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በ1976–77 ክረምት ታየ። በምዕራብ አሜሪካ ብርቱ ድርቅ ሆነ፤ ተራሮቹ ራቁታቸውን ቀሩ፤ ሊፍቶች ቆሙ፤ ሠራተኞች ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ ሪዞርቶች ሰው ሠራሽ በረዶ በሚረጩ መሣሪያዎች ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ጀመሩ። መሣሪያው ግን ውኃና ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የሁለቱንም መገኘት ኩባንያው በእርግጠኝነት ሊያዝ አይችልም።

ሦስተኛው ምዕራፍ የአየር ነው። እስከ 1978 ድረስ በአሜሪካ ከግዛት ግዛት የሚሻገሩ በረራዎችን መስመርና ዋጋ የሚወስነው የመንግሥት የሲቪል አቪዬሽን ቦርድ ነበር። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ይህን ቁጥጥር አነሣ። አየር መንገዶች መንገደኞቻቸውን በጥቂት ትላልቅ ማእከሎች እየሰበሰቡ ማከፋፈልን አጠናከሩ፤ ዴንቨርና ሶልት ሌክ ሲቲም በተራራ እግር ሥር ያሉ ማእከሎች ስለ ነበሩ ዕድሉ ደረሳቸው። ከቺካጎ፣ ከአትላንታ ወይም ከኒው ዮርክ የሚነሣ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ በበረዶ ላይ መቆም ቻለ።

ይሁንና ከማእከሉ አልፎ በቀጥታ ወደ ተራራ ከተሞች የሚደረገው በረራ የተለየ ጠባይ አለው። የአስፐን አውሮፕላን ማረፊያ 2,380 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ይህም ከቦሌ ጥቂት ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ የአውሮፕላን መነሻ ጉልበት እንደሚቀንስ የአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያሻውም። በዚያ ላይ ዙሪያው ተራራ ነው፤ ደመና ሲወርድ በረራ ይሰረዛል። በሌላው ወቅት ደግሞ ተሳፋሪው ጥቂት ነው። ስለዚህ አየር መንገዶቹ ዋስትና ጠየቁ፤ ሪዞርቶችና ከተሞችም ሰጡ። ውሉ ቀላል ነው፦ በረራው ከተስማሙበት ገቢ በታች ካስገኘ ልዩነቱን የአካባቢው ማኅበረሰብ ይከፍላል። በስቲምቦት ስፕሪንግስ የመሰለ ከተማ ለዚሁ ዓላማ በሽያጭ ላይ የሚጣል ቀረጥ እስከ ማጽደቅ ደርሷል። የበረዶው ሥጋት ከኩባንያው ወጥቶ በከፊል ወደ ከተማው ነዋሪ ተሸጋገረ ማለት ነው። ስኪ ረግጦ የማያውቅ ባለ ሱቅ እንኳ ድርሻውን መሸከም ጀመረ።

አራተኛውና ዋናው ምዕራፍ የፓሱ ነው። በአንድ ፓስ ብዙ ተራራ የመውጣት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በሰሜን ኢጣልያ በ1974 የተመሠረተው ዶሎሚቲ ሱፐርስኪ ዛሬ በ12 ሸለቆዎችና አካባቢዎች የሚገኙ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጉ የመንሸራተቻ መስመሮችን በአንድ ፓስ ያስተሳስራል። ይህ ግን የጎረቤታሞች ማኅበር ነበር። አሜሪካ የጨመረችበት ነገር ዋጋውና የሽያጩ ጊዜ ነው። በ1998 በአይዳሆ የሚገኘው ቦገስ ቤሲን የተባለ መካከለኛ ሪዞርት የወቅት ፓሱን ዋጋ ወደ 199 ዶላር አወረደ። የሚገዛው ሰው ከታሰበው በላይ በዛ፤ ገንዘቡም በረዶ ከመውረዱ በፊት ገባ። በ2008 ቬይል ሪዞርትስ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ታላላቆቹ ተራሮች አምጥቶ «ኤፒክ» የተባለውን ፓስ በ579 ዶላር አቀረበ። በ2018 ተቀናቃኙ አልቴራ «አይኮን» የተባለውን ፓስ ይዞ ገበያ ወጣ። በ2021–22 ወቅት የኤፒክ ፓስ ገዢዎች ቁጥር 2.1 ሚሊዮን ደረሰ።

እነዚህ ኩባንያዎች ምን ፈጠሩ? በአገራችን የተቸገረ ገበሬ ሰብሉን በማሳ ላይ እንዳለ፣ ሳይታጨድ፣ በርካሽ ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ በረዶ ቢመታው ኪሳራው የገዢው ነው። የፓሱ ሽያጭ በቅርጹ ይህን ይመስላል፤ በኃይል ሚዛኑ ግን ተቃራኒው ነው። በማሳው ላይ ደካማው ሻጩ ሲሆን፣ እዚህ ብርቱው ሻጩ ነው። ኩባንያው ወቅቱን በፀደይና በበጋ በቅናሽ ይሸጣል፤ ዋጋውን ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ በዲሴምበር መጀመሪያ ገደማ ሽያጩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሰው የቀረው የዕለት ትኬት ነው፤ የእርሱም ዋጋ በቬይል በ2023–24 ክረምት 299 ዶላር ደርሶ ነበር። ውድነቱ ራሱ ሰውን ወደ ቅድሚያ ግዢ የሚገፋ በትር ነው። እንግዲህ የበረዶው ሥጋት ተጉዞ ተጉዞ በተንሸራታቹ ትከሻ ላይ ዐረፈ።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። በአትላንታ ይኖራል እንበል። ፓሱ በሰነዱ ላይ ሲታይ ለቤተሰቡ መድን ይመስላል፤ ኮሎራዶ ቢደርቅ ዩታ ይኖራል፣ ዩታ ቢደርቅ ካሊፎርኒያ ይኖራል። የአውሮፕላን ትኬቱ ግን ይህን ነጻነት መልሶ ይነጥቀዋል፤ ምክንያቱም ከወራት በፊት የተቆረጠ ትኬት ቤተሰቡን በአንድ ከተማ ላይ ይቸነክረዋል። በዚህ የተነሣ ዛሬ ትልቁ ውሳኔ የተራራው ሳይሆን የአውሮፕላን ማረፊያው ምርጫ ነው እላለሁ። ከሶልት ሌክ ሲቲ ማረፊያ በአንድ ሰዓት ገደማ የመኪና ጉዞ ውስጥ በኤፒክ የሚያገለግለው ፓርክ ሲቲ፣ በአይኮን የሚያገለግሉት አልታ፣ ስኖውበርድና ዲር ቫሊ ይገኛሉ። ከዴንቨር ማረፊያ ቬይል 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ምርጫው ሰፊ ነው፣ የቅዳሜ ማለዳው የመኪና ሰልፍ ግን ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። አስተዋይ አቃጅ እንግዲህ በዙሪያው ብዙ ተራሮች ያሉትን ማረፊያ ይመርጣል፤ በርካሹ ፓስ ላይ የተከለከሉ የበዓል ቀኖችን አስቀድሞ ያነባል፤ ቀኑን መለወጥ የሚፈቅድ የበረራ ትኬት ይገዛል። በ2020 ታላላቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በአብዛኞቹ የአገር ውስጥ ትኬቶች ላይ የቀን መለወጫ ክፍያን ማስቀረታቸው ፓሱ ከቃል ያላለፈውን ነጻነት በጥቂቱ መልሷል።

ውሉ የተፈተነው ሁለት ጊዜ ነው። በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የሰሜን አሜሪካ ሪዞርቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲዘጉ፣ አስቀድሞ የከፈለው ሕዝብ ገንዘቤስ አለ። ቬይል ሪዞርትስ ለቀጣዩ ዓመት የሚታሰብ ቅናሽ ሰጠ፤ ከዚያም በፓሱ ውስጥ የተካተተ ዋስትና ጀመረ። ዋስትናው እንደ ተራራ መዘጋትና የአካል ጉዳት ያሉትን ይመለከታል፤ ተራራው ተከፍቶ በረዶው ቢሳሳ ግን ገንዘብ አይመልስም። ሁለተኛው ፈተና በዲሴምበር 27 ቀን 2024 መጣ። የፓርክ ሲቲ የተራራ ደኅንነት ሠራተኞች የመነሻ ደመወዛቸው ከሰዓት 21 ዶላር ወደ 23 ዶላር ከፍ እንዲል ጠይቀው ሥራ አቆሙ። በዓመቱ ዋና የበዓል ሳምንት ከሩቅ በርረው የመጡ ቤተሰቦች አብዛኛው ተራራ ተዘግቶ፣ በተከፈቱት ጥቂት ሊፍቶች ሥር ለሰዓታት ተሰለፉ። አድማው በጃንዋሪ 8 በስምምነት አበቃ። በዚያ ሳምንት የታየው ነገር ቀላል ነው፦ ፓሱ ገንዘብን አስቀድሞ ሊሰበስብ ይችላል፤ ተራራውን በማለዳ የሚከፍተውን ሰው ድካም ግን አስቀድሞ ሊያከማች አይችልም።

ለሚዛን ያህል የሌላውን ወገን ክርክር ላቅርብ። ፓሱ አዘውትሮ ለሚንሸራተት ሰው ዋጋውን በእጅጉ አርክሷል። በመጥፎ ዓመት እንኳ ደመወዝ የሚከፍል ገቢ ስላለ፣ ተራራው ከ1976–77 ዓይነቱ ብተና ይልቅ የተረጋጋ ሥራ ሊሰጥ ይችላል። በ2019 የተጀመረው «ኢንዲ» ፓስም ለትንንሽና ለነጻ ሪዞርቶች ከብዙ ስፍራ እንግዳ አምጥቶላቸዋል። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። የጠፋው ግን አንድ የሰው ዓይነት ነው፤ ሐሙስ ማታ ትንበያ ሰምቶ፣ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ ላይ ሊያቆም ቅዳሜ የሚነሣው ሰው። በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ተራሮቹን በየዕለቱ በርቀት ያያሉ። ከእነርሱ ለአንዱ፣ ልጆቹ ይወዱት እንደሆነ ገና ለማያውቀው ነገር፣ በግንቦት ወር የወቅት ፓስ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዕድሉ ክፍት ነው ይባላል፤ በሩ ግን የሚከፈተው ከስድስት ወር በፊት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ የትራንስፖርትንም ሆነ የመዝናኛን ታሪክ ስታጠኑ ከትኬቱ ዋጋ አጠገብ ሁለት ነገሮች መዝግቡ፤ ትኬቱ መቼ እንደተሸጠና ነገሩ ሳይሆን ቢቀር ማን እንደሚከፍል። በ1936 የባቡር ኩባንያው ይከፍል ነበር፤ በ1977 የተራራው ባለቤት ከፈለ፤ በረራው በዋስትና ሲቆም ከተማው ተጨመረ፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ መንገደኛው ራሱ ዋናው ከፋይ ሆኗል። ክረምቱ እየሞቀ በሚሄድበት ዘመን ይህ ዝርዝር እዚህ ላይ የሚያበቃ አይመስለኝም።